መብራት ሲመለስ ካርታው ለምን አብሮ አይመለስም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም የካርታ መሥሪያውን ፕሮግራም ኪውጂአይኤስን ከፖስትጂአይኤስ ዳታቤዝ (ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ የካርታ መረጃ እንዲይዝ ከሚያደርገው ተጨማሪ) ጋር ሲያገናኙ የሚገጥም ችግር ነው። አስቀድመን አንድ ነገር እንለምናችሁ፤ «አልገናኝ አለኝ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉልን። ፕሮግራሙ ያወጣውን የስሕተት መልእክት ቃል በቃል ገልብጣችሁ ላኩልን። መልእክቱ የትኛው በር ላይ እንደተመለሳችሁ ይናገራል። እሱን ሳያነቡ ፋየርዎል ማጥፋት ወይም ፖስትግሬስን ነቅሎ እንደገና መጫን ደኅናውን ማበላሸት ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ አነስተኛ የቅየሳ ቢሮ አለን። አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ተገናኝተዋል፤ አንዱ ፖስትግሬስ የተጫነበት የዊንዶውስ ሰርቨር ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሌሎቹ ሦስቱ ካርታውን መክፈት ያቅታቸዋል። አንዳንዴ ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ብዙ አስጠብቆ «ታይምድ አውት» ይላል። በሰርቨሩ ላይ ግን ያለ ችግር ይከፈታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በሰርቨሩ ላይ መከፈቱ ብቻውን ብዙ ነገር ነግሮናል። ዳታቤዙ ደኅና ነው፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። መጀመሪያ የምንጠረጥረው አይፒ አድራሻውን፣ ማለት ማሽኑ በኔትወርኩ ውስጥ የሚጠራበትን ቁጥር ነው። ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ለጠየቀ ሁሉ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች ደግሞ ለማን ምን እንደሰጡ የያዙት መዝገብ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይነሣና ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ይወስዳል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ሰርቨር ዛሬ 192.168.1.8 ይሆናል፤ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ግን አሁንም የሚያንኳኩት 5 ቁጥርን ነው። 5 ቁጥር ለፕሪንተሩ ደርሶ ከሆነ ፕሪንተሩ «እዚህ ፖርት 5432 ላይ ማንም የለም» ብሎ ወዲያው ይመልሳል (ፖርት 5432 ፖስትግሬስ የሚያዳምጥበት በር ነው)፤ «ሪፊዩዝድ» ያ ነው። አድራሻው ላይ ማንም ከሌለ፣ ወይም ፋየርዎል ጥያቄውን ዝም ብሎ ከዋጠው፣ መልስ የሚሰጥ ስለሌለ «ታይምድ አውት» ይመጣል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኪውጂአይኤስ «ሎካልሆስት» ብሎ ራሱን በራሱ ስለሚጠራ የአድራሻው መለወጥ አይነካውም።

ማረጋገጫው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰርቨሩ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «አይፒኮንፊግ» ጻፉና የአይፒቪ4ን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ «ቴስት-ኔትኮኔክሽን» ብላችሁ ያን ቁጥር፣ ቀጥሎ «-ፖርት 5432» ጨምሩ። የመጨረሻው መስመር «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ የቀረው ኪውጂአይኤስ ውስጥ ያለውን አድራሻ ማስተካከል ነው። አዲሱን ቁጥር ሰጥታችሁም «ፎልስ» ካለ ፋየርዎሉን እዩ። ራውተር ሲለወጥ ወይም ሪሴት ሲደረግ ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ቆጥሮ «ፐብሊክ» ሊለው ይችላል። ለ5432 የከፈታችሁት ፈቃድ ለ«ፕራይቬት» ብቻ ከሆነ ያን ጊዜ አይሠራም። መፍትሔው ኔትወርኩን ወደ «ፕራይቬት» መመለስ ነው እንጂ ፋየርዎሉን ማጥፋት አይደለም።

ዘላቂው መፍትሔ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። በራውተሩ ገጽ የዲኤችሲፒ (አድራሻ የማደያ) ክፍል ውስጥ የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር አስራችሁ ታስቀምጣላችሁ። ሰርቨሩ በኬብልም በዋይፋይም የሚገናኝ ከሆነ ሁለት ማክ አድራሻ እንዳለው አትርሱ፤ ሰርቨር በኬብል ብቻ ይገናኝ።

አድራሻው ከተስተካከለም በኋላ የቆዩ ፕሮጀክቶች አንከፈትም ይላሉ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ኪውጂአይኤስ የሰርቨሩን አድራሻ የሚይዘው በኮኔክሽኑ ዝርዝር ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ከእያንዳንዱ ሌየር (የካርታ ንብርብር) ጋርም ይጽፈዋል። 30 ሌየር ያለው ፕሮጀክት 30 ቦታ ላይ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ከዚህ የሚገላግለው የሰርቪስ ፋይል ነው። «ፒጂ_ሰርቪስ ነጥብ ኮንፍ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጅታችሁ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አንድ ስም ስጡት፤ «ቢሮ» በሉት። ከሥሩ ሆስት (የሰርቨሩን አድራሻ)፣ ፖርትና የዳታቤዙን ስም በየመስመሩ ጻፉ። ፋይሉ የት እንዳለ «ፒጂሰርቪስፋይል» በሚለው የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ንገሩት፤ ይህን ከኪውጂአይኤስ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ገጽ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ ኮኔክሽን ስትፈጥሩ የሆስቱን ቦታ ባዶ ትታችሁ «ሰርቪስ» በሚለው ላይ ስሙን ብቻ ጻፉ። ፕሮጀክቱ ውስጥ የሚቀመጠው ስሙ ይሆናል፤ ነገ ቁጥሩ ቢለወጥ በየኮምፒውተሩ የምታስተካክሉት አንድ መስመር ነው።

መብራት እንደመጣ «ዘ ዳታቤዝ ሲስተም ኢዝ ስታርቲንግ አፕ» የሚል መልእክት ካያችሁ ምንም አትንኩ። ፖስትግሬስ ድንገት ሲቋረጥ ያላለቀውን ሥራ ከማስታወሻ መዝገቡ እያነበበ ራሱን እየጠገነ ነው። በዚህ ሰዓት ማቋረጥ፣ ከዚህም የባሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «ፒጂ_ዋል» ከሚባለው ፎልደር ፋይል መሰረዝ፣ የማይመለስ ጥፋት ያመጣል። ለሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ግዙለት። በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ከሰጠ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የቆየ የይዞታ ቅየሳ ወደ ፖስትጂአይኤስ አስገብቼ ከሳተላይት ምስል ጋር ሳስተያየው ቤቶቹ በሙሉ ከቦታቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል። ርቀቱ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ዳታቤዙ ሲያስገባ ነው ያበላሸው? በእጄ ልጎትታቸው?

መልስ፦ አይጎትቱ። ዳታቤዙም አላበላሸውም፤ ቁጥሩ የየትኛው የመለኪያ ሥርዓት እንደሆነ የሚናገረውን መለያ አምኖ ነው ያስቀመጠው። የሚያዩት የሁለት የቦታ መለኪያ ሥርዓቶች፣ የአዲንዳንና የደብሊውጂኤስ 84፣ ልዩነት ነው።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናቸው። የቆየው የአገራችን ቅየሳና ካርታ የተሠራው በአዲንዳን ነው፤ በኮድ ኢፒኤስጂ 20137። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚናገሩት በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ኢፒኤስጂ 32637። አስቸጋሪው ነገር የሁለቱ ቁጥሮች በዓይን አለመለየታቸው ነው። በእርስዎ አካባቢ በሁለቱም ምሥራቃዊው ቁጥር 480 ሺህ ግድም፣ ሰሜናዊው 980 ሺህ ግድም ነው። ነገር ግን ለአንድ የድንበር ድንጋይ የደብሊውጂኤስ 84 ቁጥር ከአዲንዳኑ በምሥራቅ በኩል 90 ሜትር ያህል፣ በሰሜን በኩል 200 ሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የአዲንዳን ቁጥር ይዞ «32637 ነኝ» ያለ ይዞታ ወደ ደቡብ ምዕራብ 220 ሜትር ገደማ ሸሽቶ ይታያል። ርቀቱ ሁሉም ላይ እኩል መሆኑ ዋናው ምልክት ነው፤ የቅየሳ ስሕተት ቢሆን ኖሮ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሄድ ነበር።

ፖስትጂአይኤስ ሁለት የሚመሳሰሉ ተግባሮች አሉት፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በእነሱ ነው። «ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ» መለያውን ብቻ ይለውጣል፣ ቁጥሩን አይነካም። «ኤስቲ_ትራንስፎርም» ደግሞ ቁጥሩን አስልቶ ይለውጣል። የእርስዎ ቁጥር ትክክል ነው፣ የተሳሳተው መለያው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የሠንጠረዡን ቅጂ ያውጡ። በቅጂው ላይ መለያውን ወደ 20137 ያርሙ፤ ለጠቅላላው ሠንጠረዥ «አፕዴትጂኦሜትሪኤስአርአይዲ» ይህን ያደርጋል። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ሌየሩን አውጥተው እንደገና ያስገቡት፤ ቤቶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ዳታቤዙ በሙሉ በ32637 እንዲሆን ከፈለጉ፣ ትራንስፎርም ያድርጉ።

መለያውን ሳያርሙ በቀጥታ ወደ 20137 ትራንስፎርም ቢያደርጉ ምን ይሆናል? ፖስትጂአይኤስ የአዲንዳኑን ቁጥር የደብሊውጂኤስ ነው ብሎ አምኖ እንደገና 90 እና 200 ሜትር ይቀንስለታል። ካርታው ላይ ቤቶቹ በዚያው በተሳሳተ ቦታ ይቆያሉ፤ «ምንም አልተለወጠም» ብለው ያስባሉ፣ የመጀመሪያው የቅየሳ ቁጥር ግን ጠፍቷል። ቅጂ ያውጡ ያልንዎ ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ መሬት ላይ የሚያገኙትን አንድ የድንበር ድንጋይ በእጅ ጂፒኤስ ያንብቡ። የእጅ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ 220 ሜትርን ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው። ኪውጂአይኤስ ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሚወስዱ በርካታ የመቀየሪያ ስሌቶችን ሲያቀርብልዎ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ይምረጡ፤ ለሱዳን ወይም ለሌላ አገር የተሰላውን ከወሰዱ ሜትሮች ይዛነፋሉ። ትክክለኛው ስሌትም ቢሆን እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ነው የሚያስተማምነው። ለፕላን ሥራ ይበቃል፤ የጎረቤት አጥር ለሚያከራክር የይዞታ ማረጋገጫ ግን አይበቃም። ለእሱ በሁለቱም ሥርዓት ቁጥራቸው የታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። በእጅ መጎተትን የከለከልንዎትም ለዚሁ ነው፤ ምስሉ ራሱ በሜትሮች ሊዛነፍ ስለሚችል በሱ ላይ የተለጠፈ ድንበር ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሰበታ ያለን ፕሮጀክት ላይ ባልደረባዬ አዲስ ሠንጠረዥ ስትፈጥር እኔ አላየውም፤ ሳየውም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለኛል። አንዳንዱ ደግሞ ይከፈታል ግን የማረሚያው እርሳስ ደብዝዞ አይነካም።

መልስ፦ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው። ወደ ስኪማው (ሠንጠረዦቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል) ለመግባት «ዩሴጅ»፣ ሠንጠረዡን ለማንበብ «ሴሌክት»፣ ለመጻፍ «ኢንሰርት»፣ «አፕዴት» እና «ዲሊት»። የመታወቂያ ቁጥሩ በራሱ የሚቆጥር ከሆነ በቆጣሪው በሲኩዌንሱ ላይም «ዩሴጅ» ያስፈልግዎታል፤ ይህ ሲጎድል ንባቡ ሁሉ ደኅና ሆኖ አዲስ ይዞታ ሲያስቀምጡ ብቻ ይከለከላሉ። ዛሬ ላሉት ሠንጠረዦች ሁሉ የተሰጠ ፈቃድ ነገ ለሚፈጠሩት አይደርስም። ለእነሱ «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ» የሚባለውን ትእዛዝ ራሷ ባልደረባዎ በስሟ ገብታ ትስጥ፤ ትእዛዙ የሚሠራው የሰጠው ተጠቃሚ ለሚፈጥራቸው ነገሮች ብቻ ነው። በተጨማሪ ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ በአዲስ በተፈጠረ ዳታቤዝ ተራ ተጠቃሚ «ፐብሊክ» በሚባለው ስኪማ ውስጥ ሠንጠረዥ መፍጠር አይፈቀድለትም፤ ለፕሮጀክታችሁ የራሱን ስኪማ ክፈቱ። እርሳሱ የደበዘዘው የመጻፍ ፈቃድ ስለሌለዎት ወይም ሠንጠረዡ ፕራይመሪ ኪይ (እያንዳንዱን መስመር የሚለይ ቁልፍ) ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ከሌለ የትኛውን መስመር እንደሚያርም ኪውጂአይኤስ በአስተማማኝ መለየት አይችልም።

ጥያቄ፦ የባለይዞታዎችን ስም በአማርኛ ጽፌ በሼፕፋይል አስቀምጬ ወደ ዳታቤዙ አስገባሁት። የአምዶቹ ርእስ ተቆርጧል፣ ስሞቹም ከፊሉ ጥያቄ ምልክት፣ ከፊሉ ዝባዝንኬ ሆነዋል። ከገላን።

መልስ፦ ሼፕፋይል የቆየ የካርታ ፋይል ዓይነት ነው፤ ለፊደላችን አልተሠራም። የአምድ ርእስ ከ10 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ሥርዓት) 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የሚተርፍልዎት 3 ፊደል ነው። «የባለይዞታ ስም» እና «የባለይዞታ ስልክ» ሁለቱም «የባለ» ሆነው ይቀራሉ። የአንድ የጽሑፍ ሣጥን ይዘትም ቢበዛ 254 ባይት ነው፤ በአማርኛ 84 ፊደል። የቦታ መግለጫ በረጅሙ የሚጽፉ ሰዎች ዐረፍተ ነገራቸው መሐል ላይ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ጂኦፓኬጅ የተባለውን የካርታ ፋይል ዓይነት ይጠቀሙ፤ ይህ ገደብ የለበትም።

የተበላሹትን ስሞች ደግሞ ለይተው ይዩ። አንዱ ፊደል ሦስት የላቲን ምልክት ሆኖ ከታየ ፊደሉ አልጠፋም፣ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ነው የተነበበው። ከሼፕፋይሉ ባሕርያት «ሶርስ» ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገው እንደገና ያስገቡ። እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ግን ፊደሉ ሄዷል፤ ከዋናው ቅጂ እንደገና ከማስገባት በቀር መላ የለውም። ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ለካርታው ጽሑፍ «ኒያላ» ወይም «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ይምረጡ። ዳታቤዙ ራሱ ሲፈጠር በዩቲኤፍ-8 መፈጠሩንም ያረጋግጡ፤ ኢንኮዲንግ በኋላ አይቀየርም፣ አዲስ ዳታቤዝ ፈጥሮ ማዛወር ይጠይቃል።

ሳይጠይቁን አንድ ነገር እንጨምር። ሁለት ሠንጠረዦችን በባለይዞታው ስም አያገናኙ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ይላል፤ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በይዞታ ቁጥር ያገናኙ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ሆኜ በሞባይል ዳታ ከተማ ካለው የቢሮዬ ሰርቨር ጋር እሠራለሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ኪውጂአይኤስ ይደርቃል፤ በመጨረሻ «ሰርቨር ክሎዝድ ዘ ኮኔክሽን አንኤክስፔክትድሊ» ይላል። አንዴ የግማሽ ቀን ሥራ ጠፍቶብኛል።

መልስ፦ የተቆጣው ሰርቨሩ አይደለም። በመካከል ያለው የሞባይል ኔትወርክ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ያላለፈበትን መስመር ከመዝገቡ ይሰርዛል፤ ለሁለቱም ወገን ግን አይነግርም። እርስዎ ሲመለሱ ኪውጂአይኤስ በሞተ መስመር ላይ መልስ ይጠብቃል። ኮምፒውተሮች «አለህ?» ብለው መጠያየቅ ይችላሉ፤ ሊኑክስ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ በነባሩ የሚላከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ። ለለገጣፎው ቢሮ በገለጽነው የሰርቪስ ፋይል ውስጥ «ኪፕአላይቭስ_አይድል» 60፣ «ኪፕአላይቭስ_ኢንተርቫል» 10 ብለው ሁለት መስመር ይጨምሩ። በየደቂቃው ትንሽ ነገር ስለሚያልፍ መስመሩ አይሰረዝም።

ስለጠፋው ሥራ፦ ያልተቀመጠ እርማት ያለው በእርስዎ ኮምፒውተር ማስታወሻ ውስጥ ነው። ሴቭ ሲሉ ከተከለከሉ ማረሚያውን አያጥፉ፣ ፕሮግራሙንም አይዝጉ። ያረሟቸውን ቅርጾች መርጠው ኮፒ ያድርጉና ከ«ኤዲት» ዝርዝር እንደ አዲስ ጊዜያዊ ሌየር ይለጥፏቸው፤ ያንን በጂኦፓኬጅ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ቢዘጋም ሥራው እጅዎ ላይ አለ።

አንድ ቀሪ ሥጋትም አለን። ከውጭ ለመግባት ሲባል የቢሮው ራውተር ላይ ፖርት 5432 ለዓለም ተከፍቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይዘጋ። ክፍት የዳታቤዝ ፖርት በሮቦት ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይፈተሻል፤ የባለይዞታ ስምና ስልክ ያለበት ዳታቤዝ ደግሞ የሌሎች ሰዎች አደራ ነው። በቪፒኤን (በተቆለፈ የግል መስመር) ይግቡ። ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ከተጠቀሙ እዚያም «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ያድርጉለት፤ የሞባይሉ ኔትወርክ ይህንንም መስመር በዝምታ እንዳይሰርዘው።

ጥያቄ፦ ፖስትግሬስ 16ን ጭኜ ስከፍተው የድሮው ዳታቤዜ የለም! ጠፋ?

መልስ፦ አልጠፋም። አሮጌው ፖስትግሬስ 5432ን ስለያዘ አዲሱ 5433 ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ ሆኖ ያዩት እሱን ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ፖርቱን 5432 ብለው ይግቡ። ዳታውን በ«ፒጂ_ደምፕ» አውጥተው ወደ አዲሱ ሳያዛውሩ፣ ተዛውሮም ካርታው መከፈቱን ሳያዩ፣ አሮጌውን አይንቀሉ።